ደብል ቤዝ ላይ ማይክ መግጠም፦ ከማይኩ በፊት ማሰሪያው

ደብል ቤዝ ይዞ መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል። "ይሄ የት ነው የሚሰካው?" ቤዝ ጊታር መሰኪያ አለው። ኪቦርድም አለው። ደብል ቤዝ ግን እንደ ግዙፍ ቫዮሊን አቁመው የሚጫወቱት ትልቅ የእንጨት ሆድ ነው። ሳውንድ ማኑ ኬብሉን ይዞ ቢዞረውም መግቢያ አያገኝለትም።

እኔ ይህን መሣሪያ አዲስ አበባ ውስጥ በሆቴል ላውንጅ፣ በሠርግና በትንንሽ የጃዝ ምሽቶች ስጫወት ዓመታት አልፈዋል። ከሙዚቃው ቀጥሎ ብዙ ያሳሰበኝ የማይክ ጉዳይ ነው። አዲስ ቤዝ የጀመረ ልጅ ሲያገኘኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "የትኛውን ማይክ ልግዛ?" ብሎ ነው። እኔም መልሼ "በምን ልታስረው አስበሃል?" እለዋለሁ። መካከለኛ ማይክ በደንብ ከታሰረ ያምራል። ውድ ማይክ እንደነገሩ ከታሰረ ግን የሚያሰማችሁ የእንጨት ግጭትና ጉርምርምታ ነው። እዚህ የምጽፈው የሠራልኝን ነው፤ ለምን እንደሠራም እግረ መንገዴን እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ችግሩ ከየት እንደሚመጣ እንይ። የደብል ቤዝ ወፍራሙ ክር፣ ኢ፣ በሴኮንድ ወደ 41 ጊዜ (41 ኸርዝ) ይርገበገባል። ኤ 55፣ ዲ 73፣ ጂ ደግሞ 98 ነው። የ41 ኸርዝ አንድ ሞገድ አየር ላይ ሲዘረጋ ከ8 ሜትር በላይ ይሆናል። ብዙዎቹ የምንጫወትባቸው ክፍሎች ወርዳቸው ከዚያ ያንሳል። ዝቅተኛው ድምፅ ክፍሉን ይሞላል፣ ግድግዳ ይመታል፣ ይመለሳል። ሲመለስ የሚያገኘው የቤዙን ሰፊ ፊት ነው። ያ ፊት ደግሞ ለመርገብገብ የተሠራ ነው። ከስፒከር የወጣው ድምፅ ያርገበግበዋል፣ ማይኩ ያንን ይሰማል፣ ስፒከሩ መልሶ ያወጣዋል። ፊድባክ የምንለው ይሄ ነው። በድምፃዊ ማይክ ላይ ፉጨት ሆኖ ይመጣል። በቤዝ ላይ ግን ቀስ ብሎ ተነስቶ ቤቱን የሚሞላ ጉርምርምታ ነው።

ጉርምርምታው ብዙውን ጊዜ ከሁለት ቦታ ይነሳል። አንዱ በቤዙ ሆድ ውስጥ ያለው አየር ፊቱ ላይ በኤፍ ቅርጽ በተቆረጡት ቀዳዳዎች (ኤፍ ቀዳዳዎቹ) በኩል ሲተነፍስ የሚያሰማው ድምፅ ነው። በአብዛኛው ከ60 እስከ 70 ኸርዝ አካባቢ ይገኛል። ሌላው የእንጨቱ የራሱ ድምፅ ነው፤ 100 ኸርዝ አካባቢ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ። የእናንተ ቤዝ የት ላይ እንደሆነ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ከባዶው ኢ ጀምራችሁ በግማሽ ድምፅ እየወጣችሁ በእኩል ኃይል ተጫወቱ። ሳትጨምሩበት በራሱ የሚገዝፍ ኖት ታገኛላችሁ። መድረክ ላይም የሚያስቸግራችሁ እሱ ነው። ስሙን ያዙት። በኋላ ለሳውንድ ማኑ "ኤ አካባቢ ይነሳብኛል" ማለት ከቻላችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ይህ ችግር የቆየ ነው። አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ ባንዶች በነበሩበት ዘመን ቤዝ ከነሐስ መሣሪያዎችና ከድራም በታች ተውጦ ይቀር ነበር። ኤቨረት ኸል የሚባል ቤዚስት በ1946 እ.ኤ.አ. አካባቢ ድምፅ ማንሻውን ከቤዙ መቆሚያ ብረት ጋር አያይዞ ሆዱ ውስጥ አስገባው። ዛሬ አምፔግ በሚል ስም የምናውቀው የአምፕ ፋብሪካ የተጀመረው በዚያ ነው። እኔን የሚስበኝ ሰውዬው የፈጠረው ነገር ነው። ድምፅ ማንሻ ቀድሞም ነበር። የእሱ ፈጠራ የት እንደሚቀመጥና በምን እንደሚያያዝ ነው። አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1951፣ የፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝ ወጣና ብዙ ሰው ደብል ቤዙን ትቶ ወደ ቤዝ ጊታር ሄደ። ለቀረነው ጥያቄው እንዳለ ነው።

ዛሬ ሁለት መንገድ አለ፦ ፒክአፕና ማይክ። ፒክአፕ ብሪጁ ላይ (ክሮቹን ከቤዙ ፊት ከፍ አድርጎ በሚይዘው ቋሚ እንጨት ላይ) ወይም ከብሪጁ እግር ሥር ይገባል፤ የእንጨቱን ንዝረት በቀጥታ ይይዛል። እንደ ሐኪም ማዳመጫ ነው፤ የሚሰማው የተለጠፈበትን ቦታ ብቻ ነው። በጩኸት መካከል ይረጋጋል፣ ፊድባኩ አነስተኛ ነው። ግን አየር የለውም። ጣት ክር ሲነካ፣ እንጨቱ ሲከፈት፣ ኖቱ ሲያልቅ የሚሰማው ነገር ይጎድለዋል። ማይክ ያንን ሁሉ ይይዛል። ከሱ ጋር ግን ድራሙንም፣ ሞኒተሩንም (ወደ ተጫዋቾቹ የዞረውን ስፒከር)፣ አስተናጋጁ የሚሰበስበውን ብርጭቆም ይይዛል።

የኛን ሙዚቃ ለሚጫወት ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው። ትዝታ በመሲንቆና በቤዝ ብቻ ሲዘፈን ቤዙ ረጅም ኖት ይዞ ይቆያል። የኖቱ ጭራ ካልተሰማ ቅኝቱ መሬት ያጣል። ቺክቺካ ስንጫወት ደግሞ ጣት ክሩን የሚለቅበት ጥርት ያለ ምት ያስፈልጋል። ያ ካልወጣ ሁለቱ ምቶች ተጣብቀው አንድ ጉርምርምታ ይሆናሉ። ይህ ጥርት ያለ ምት የሚኖረው ከ500 ኸርዝ እስከ 2,000 ኸርዝ ባለው አካባቢ ነው። ማይክ የሚያስፈልገኝም በዋናነት ለዚያ ነው፤ ለታችኛው ጉልበት ፒክአፕ ይበቃኛል።

አሁን ወደ ቦታው እንምጣ። ማይክ ከመያዛችሁ በፊት ጆሮ ተጠቀሙ። ጓደኛችሁ ቤዙን ቀስ ብሎ ይምታ። እናንተ አንዱን ጆሯችሁን በጣት ድፈኑና በሌላው ከእንጨቱ ግማሽ ስንዝር ርቃችሁ ዙሩ። የኤፍ ቀዳዳው ፊት ስትደርሱ ድምፁ ያብጣል፤ ትልቅ ነው፣ ግን ኖቶቹ አይለዩም። የጣት ሰሌዳው ጫፍ ጋ የጣትና የክር ድምፅ ይበዛል፣ ሥጋው ያንሳል። ከብሪጁ እግር አጠገብ፣ በቀጭኑ ክር በኩል፣ በብሪጁና በኤፍ ቀዳዳው መካከል ሁለቱ ይቀላቀላሉ። እዚያ አካባቢ ቆም ብላችሁ ጣት በጣት ተንቀሳቀሱ። ሁሉም ክር እኩል የሚሰማበት ቦታ አለ። እርሳስ አትጠቀሙ፤ ትንሽ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉና ምልክት አድርጉ። ቫርኒሹን እንዳይልጠው ስትጨርሱ ቶሎ አንሱት። እያንዳንዱ ቤዝ የራሱ ቦታ አለው። የእኔ ቦታ የእናንተ ላይሆን ይችላል።

ቦታው ከታወቀ በኋላ ነው የማሰሪያው ጉዳይ የሚመጣው። እዚህ ላይ ረጅም እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያልፈው ይህን ነው።

ቀላሉ ሐሳብ ማይኩን ብሪጁ ላይ መቆንጠጥ ይመስላል። አታድርጉት። ብሪጅ ላይ ክብደት ሲጨመር ድምፁ ይታፈናል። ቫዮሊንና ቤዝ የሚጫወቱ ሰዎች ድምፅ መቀነስ ሲፈልጉ ብሪጁ ላይ የሚሰኩት ማፈኛ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ከባድ መቆንጠጫ ካደረጋችሁበት ማፈኛ ሰካችሁ ማለት ነው። ማይኩ ገና ሳይከፈት ቤዛችሁ ድምፁን ያጣል።

የተሻለው ቦታ ከብሪጁ በታች ነው። ክሮቹን ከታች የሚይዘው ረጅም ጥቁር እንጨት፣ ቴይልፒሱ፣ ክብደት ይችላል። ለቤዝ ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ መያዣዎችም ወይ እሱን ወይም በብሪጁና በእሱ መካከል ያሉትን አጫጭር የክር ጭራዎች ይይዛሉ። የክር ጭራውን የሚይዝ ከሆነ አንድ ነገር እወቁ። እነዚህ ጭራዎች ዝም ብለው አይቀመጡም፤ እነሱም ይርገበገባሉ። አንዳንድ ቤዝ ላይ አንድ ኖት ሲመታ ድምፁ የሚንቀጠቀጥና የሚያጉረመርም አለ፤ ተጫዋቾች ዎልፍ ይሉታል። ለእሱ የሚሸጠው መድኃኒት የክሩ ጭራ ላይ የሚታሰር ትንሽ የነሐስ ክብደት ነው። ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ የምታስሩት የማይክ መያዣ ዎልፉን ሊያጠፋላችሁም፣ ሊያመጣባችሁም ይችላል። ካሰራችሁ በኋላ ሁሉንም ኖቶች ደግማችሁ ተጫወቱ። መጥፎ ኖት ከመጣ መያዣውን በአንድ ጣት ወርድ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ግፉት። ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ከማሰር ቀጥሎ ዋናው ነገር መለየት ነው። ማይኩ ድምፁን በአየር በኩል እንዲሰማ እንጂ በመያዣው በኩል የሚመጣ ንዝረት እንዳይደርሰው እንፈልጋለን። ስለዚህ በእንጨቱና በማይኩ መካከል ለስላሳ ነገር መኖር አለበት፦ ስፖንጅ፣ ጎማ፣ ላስቲክ። መፈተኛው ቀላል ነው። ማይኩን አስራችሁ ክፈቱት፣ የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ፣ ቴይልፒሱን በጣታችሁ ጫፍ ኳ ኳ አድርጉ። ከባድ "ዱብ" ከተሰማችሁ ማሰሪያው እያስተላለፈ ነው። ስፖንጅ ጨምሩ ወይም አላሉት። ደብዛዛና ሩቅ ድምፅ ብቻ ሲሆን ደርሳችኋል። እግራችሁን መሬት ላይ ምቱና ስሙም። መቆሚያው ብረት የመድረኩን ንዝረት ወደ ቤዙ ያመጣል፤ የእንጨት መድረክ ላይ የድራመሩ ፔዳል በዚያ በኩል ይገባል። ከመቆሚያው ጫፍ ሥር ወፍራም የጎማ ቁራጭ ማድረግ ይረዳል።

ሹር ኤስኤም57 ወይም ኤስኤም58 የሌለው ቤት አዲስ አበባ ውስጥ ብርቅ ነው፤ ቢያንስ የሚመስላቸው አይጠፋም። በእነሱ ጀምሩ። 57ቱ ወፍራም ቦታው 32 ሚሊሜትር ስለሆነ ከቴይልፒሱ ሥር ይገባል። የማደርገው እንዲህ ነው። የፍራሽ ስፖንጅ በመቀስ ቆርጬ ማይኩን አንገቱና ወገቡ ላይ እጠቀልለዋለሁ፤ ራሱን ግን ክፍት እተወዋለሁ። የጠቀለልኩትን በቴይልፒሱና በቤዙ ፊት መካከል ባለው ክፍተት ከታች ወደ ላይ አስገባዋለሁ። የማይኩ ራስ ወደ ብሪጁ እግሮች መካከል ያያል፤ ጭራው ወደ መሬት። የማይኩ ብረት እንጨቱን በየትኛውም በኩል መንካት የለበትም። ስፖንጁ ሲጠብቅ ፊቱን ያፍነዋል፣ ሲላላ ማይኩ ይወርዳል። ቤዙን ዘንበል አድርጋችሁ ስታንቀሳቅሱት ካልተነቃነቀ፣ በሁለት ጣት ስትስቡት ደግሞ ከወጣ፣ ልኩ እሱ ነው።

ስፖንጁን የሚይዝልኝ የብስክሌት ካላማዳሪ ነው። በቀጭኑ ቆርጬ ቴይልፒሱ ላይ አዞረዋለሁ። ጠንካራ ነው፣ ይለጠጣል፣ በየጎሚስታው ይገኛል። ናስትሮ ግን አልጠቀምም፤ ሙጫው በሙቀት ይቀልጥና እንጨቱ ላይ ይቀራል። ካላማዳሪውም ቢሆን ቫርኒሽ የተቀባ እንጨት ላይ በቀጥታ ማደር የለበትም። ጎማ ከቫርኒሽ ጋር ለረጅም ጊዜ ከተነካካ እድፍ ይተዋል። ከሥሩ የጥጥ ጨርቅ አድርጉ፣ ሲያልቅም ፍቱት።

ይህ ዘዴ ድሮ ማይኩን በፎጣ ጠቅልለው ይሠሩ ከነበሩት የመጣ ነው፤ አሁንም ይሠራል። ድምፁ ጠባብና ጠንካራ ነው። ኤስኤም57 ከ40 ኸርዝ እስከ 15,000 ኸርዝ ድረስ ይሰማል ተብሎ ነው የሚሸጠው፤ ታችኛው ጫፍ ላይ ግን ድምፁ እየሳሳ ይሄዳል። ለቤዝ ይሄ ጥቅም ነው። ከታች ያለው በራሱ ስለሚቀንስ ጉርምርምታው ያንሳል። ቅርብ ስለሆነ ደግሞ አቅጣጫ ያለው ማይክ ሁሉ በቅርበት ሲሆን የሚጨምረው ዝቅተኛ ድምፅ ይደግፈዋል። ለፒክአፕ ገንዘብ ለሌለው ጀማሪ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

አቅሙ ላለው ደግሞ አንገታቸው የሚታጠፍ ትንንሽ ኮንደንሰር ማይኮች አሉ። ዲፒኤ 4099 ለቤዝ የተሠራ የራሱ መያዣ አለው። ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲኤም350ም እንዲሁ በመቆንጠጫ ይመጣል። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የሚገኙት ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። ስታስመጡ የቤዙ መያዣ አብሮ መምጣቱን አረጋግጡ፤ ማይኩ የቫዮሊን ወይም የሳክስፎን መያዣ ይዞ ቢመጣ አይሠራላችሁም። የኬብሉን መቀየሪያም እንዲሁ፤ ከሚክሰሩ ጋር የሚያገናኘው ኤክስኤልአር ጫፍ ከሌለ ማይኩ ሳጥን ውስጥ ይቀራል። ሁለቱም ፋንተም (ከሚክሰሩ በማይክ ኬብሉ በኩል የሚላክ ኤሌክትሪክ) ይፈልጋሉ። አንዳንድ ትንንሽ ሚክሰሮች ላይ ፋንተሙ በአንድ ቁልፍ ለሁሉም ቻናል ነው የሚከፈተው። ቁልፉ ሲነካ ስፒከሩ እንዳይጮህ ድምፁን መጀመሪያ አውርዱ።

እነዚህን ስትጠቀሙ ከእንጨቱ ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ራቁ። ቀድሞ በጆሮ ያገኛችሁት ቦታ ላይ አነጣጥሩ። ወደ ኤፍ ቀዳዳው በቀጥታ አታዙሩት፤ ጠርዙን ቢያይ ይበቃል። በደጋን የምትጫወቱ ከሆነ አንገቱ ከብሪጁ በታች ይቅር። ደጋኑ የሚሄደው በብሪጁና በጣት ሰሌዳው መካከል ስለሆነ እዚያ ቦታ ላይ የቆመ ማይክ ይመታል። ቀኝ እጃችሁን ወደ ቴይልፒሱ የማውረድ ልማድ ካላችሁም ሳታዩት እንዳትመቱት በቀጭኑ ክር በኩል ወደ ጎን አውጡት።

ሦስተኛው መንገድ ከአዝራር የማይበልጠው የደረት ማይክ ነው፤ ቴሌቪዥን ላይ እንግዶች ሸሚዛቸው ላይ የሚያደርጉት ዓይነት። በለስላሳ ስፖንጅ ጠቅልላችሁ ብሪጁ መሐል ያለው ክፍተት ውስጥ ትከቱታላችሁ። ብዙዎቹ ከሁሉም አቅጣጫ የሚሰሙ ናቸው። እንዲህ ዓይነት ማይክ ቅርብ ሲሆን ዝቅተኛውን ድምፅ አያሳብጥም፤ ድምፁ የተፈጥሮ ነው። ክብደት የለውም ማለት ይቻላል፤ ብሪጁንም አያፍንም። ለቀረጻና ጸጥ ላለ ምሽት በጣም እወደዋለሁ። ድራም ካለ ግን ድራሙን ሁሉ ይዞ ይመጣል።

ማይኩ ታሰረ እንበል። አሁን ከፒክአፑ ጋር ማስታረቅ ይቀራል። ፒክአፑን በቀጥታ ሚክሰር ላይ አትሰኩት። የፒኤዞ ፒክአፕ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ዓይነት) ቢያንስ 1 ሜጋኦም ኢምፒዳንስ (የኤሌክትሪክ መቋቋም) ያለው መግቢያ ይፈልጋል፤ 10 ሲሆን የበለጠ ይመቸዋል። የሚክሰሩ መግቢያ ከዚያ በብዙ ያንሳል፤ ስለዚህ ታችኛው ድምፅ ይጠፋና ቀጭን የአፍንጫ ድምፅ ይቀራል። ብዙ ሰው "ፒክአፔ መጥፎ ነው" የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። በመካከል ትንሽ ፕሪአምፕ (የፒክአፑን ድምፅ ለሚክሰሩ የሚያመቻች ሳጥን) አድርጉ።

ከዚያ ሥራ አከፋፍሏቸው። ባንድ ሲኖር ማይኩን ከ100 እስከ 150 ኸርዝ በታች እቆርጠዋለሁ። ታችኛውን ፒክአፑ ይዞ ይሄዳል፣ ማይኩ ጣትና እንጨት ያመጣል። ቤዙ ብቻውን ወይም ከአንድ ድምፃዊ ጋር ሲሆን ቁርጡን ወደ 40 አካባቢ አወርደዋለሁ፤ ማይኩ ሙሉውን ይሸከማል። ሳውንድ ማኑ ወጣት ከሆነ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይለኛል፦ "ጋሼ፣ ቤዙ እያጉረመረመ ነው፣ ልቀንሰው?" "አትቀንሰው የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ የማይኩን ታች ቁረጠው" እለዋለሁ። ድምፁ ሳይቀንስ ጉርምርምታው ይሄዳል። ካልሄደ ያቺ ቀድማችሁ ስሟን የያዛችኋት ኖት ላይ ጠባብ ቅነሳ ይደረጋል፤ 3 ወይም 4 ዴሲቤል።

ቀጥሎ ፌዝ። ሚክሰሩ ላይ ክብ ውስጥ ሰረዝ ያለበት ቁልፍ አለ። ማይክና ፒክአፕ አብረው ሲከፈቱ አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ ከሆነ ታችኛው ድምፅ ይሰረዛል። ባዶውን ኤ እየመታችሁ ቁልፉ ይጫን፣ ይለቀቅ። ወፍራም የሚሆንበትን ምረጡ። ማይኩ 10 ሳንቲሜትር ርቆ መቀመጡ ለዝቅተኛው ድምፅ ብዙም አያሳስብም፤ የ100 ኸርዝ ሞገድ 3.4 ሜትር ነውና። የሚያሳስበው መገለባበጡ ነው። አንዳንድ ክፍል ላይ ቀጭኑ ምርጫ ፊድባኩን የሚያጠፋበት ጊዜ አለ። ያኔ ፊድባክ የሌለውን እመርጣለሁ፤ ሥጋውን በኋላ በኢኪው (ሚክሰሩ ላይ ባሉት የድምፅ ማስተካከያ ቁልፎች) አመጣዋለሁ።

መድረክ ላይ የት እንደምትቆሙም የማይኩ አካል ነው። ሞኒተር ስፒከር የቤዙን ፊት በቀጥታ እንዲያይ አትፍቀዱ። ማይኩ ባይሰማው እንኳ እንጨቱ ይሰማዋል። ወደ ጎን ይዞር። እንደ 4099 ያለ ሱፐርካርዲዮይድ ማይክ ደግሞ ልክ ከኋላው ያለውን ትንሽ ይሰማል፤ ደንቆሮ የሚሆነው ከኋላ ወደ ጎን ገባ ባለው አቅጣጫ ነው፣ ከፊቱ 126 ዲግሪ አካባቢ። እንደ ኤቲኤም350 ያለ ካርዲዮይድ ግን ልክ ጀርባው ላይ ነው የማይሰማው። ይህን ማወቅ ሞኒተሩን የት እንደምታስቀምጡ ይነግራችኋል። ከድራሙ ሲምባል በተቻለ መጠን ራቁ። አምፕ ካላችሁ ከኋላችሁ ወደ ጎን ይሁን፣ ከመሬት ከፍ ይበል፣ በውስጡ የፒክአፑ ድምፅ ብቻ ይሂድ። የማይኩን ድምፅ ለአዳራሹ ስፒከር ተዉለት። ሁሉ ነገር ከተደረገ በኋላም ጉርምርምታ ካለ የኤፍ ቀዳዳዎቹን በስፖንጅ መድፈን ይቻላል። የሆዱ አየር ስለማይተነፍስ ፊድባኩ ይወርዳል። ድምፁም ትንሽ ይዘጋል፤ ጩኸት ለበዛበት ሠርግ ግን ዋጋ አለው።

አንድ የኛ አገር ጉዳይ ልጨምር። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው። የኬብልና የመሬት ችግር ሲኖር የሚሰማው እምምታ እዚያው ላይ ይቀመጣል። ኢ ክር ላይ ያለው ዝቅተኛው ጂ ደግሞ 49 ኸርዝ ነው። ጎን ለጎን ስለሆኑ ጂ ስትይዙ ድምፁ ይወዛወዛል፣ ሰውም ከቃና የወጣችሁ ይመስለዋል። ጄኔሬተር ባለበት ቦታ ይብሳል። 50ውን በኢኪው መቁረጥ ጂውን አብሮ ይወስደዋል፤ ስለዚህ ከምንጩ አጥፉት። ዲአይ ቦክሱ (መሣሪያን ከሚክሰር ጋር የሚያገናኘው ትንሽ ሳጥን) ላይ የመሬት ማቋረጫ ቁልፍ አለ፣ እሱን ሞክሩ። ፕሪአምፑን ከመብራት ይልቅ በባትሪ አሠሩት። የኤሌክትሪክ ገመዱን ከማይክ ኬብሉ አርቁት፤ መሻገር ካለባቸው በመስቀልኛ ይሻገሩ።

ኬብሉን በአየር ላይ አታንጠልጥሉት። ከማይኩ እንደወጣ ላላ ያለ ቀለበት ሠርታችሁ በቴይልፒሱ ታች እሰሩት፣ ከዚያ ወደ መሬት ይውረድ። አንድ ሰው ቢረግጠው የሚሳበው ቀለበቱ ነው፤ ማይኩ ከቦታው አይነቃነቅም። ኬብሉ እንጨቱን እየነካ እንዳይንኳኳም ተመልከቱ።

ክረምት ሲገባ እንጨቱ እርጥበት ይጠጣል፣ ፊቱ ትንሽ ያብጣል፣ ክሮቹ ከጣት ሰሌዳው ይርቃሉ። በበጋ ይመለሳል። ከቴይልፒሱ ሥር ያለው ክፍተትም አብሮ ይለዋወጣል። ሐምሌ ላይ ልክ የነበረው ስፖንጅ ጥር ላይ ልኩ አይሆንም። እኔ ሁለት ውፍረት ያላቸው ቁራጮች በቤዙ ልባስ ኪስ ውስጥ እይዛለሁ። ስፖንጅ ሲያረጅ ይፈረፈራል፣ ፍርፋሪውም ማይኩ ወንፊት ውስጥ ይገባል፤ መፈርፈር ሲጀምር ጣሉት። ቤዙን በጎኑ ከማስተኛታችሁና ልባሱን ከማልበሳችሁ በፊት ማይኩን አውጡ። ቦታውን ለማስታወስ ደግሞ ማይኩ ታስሮ ሳለ በስልክ ከፊትና ከጎን ፎቶ አንሱት። በሚቀጥለው ዝግጅት ሳውንድ ቼኩ በጣም ያጥራል።